«ያልከውን ስጠኝ»፦ በሁለት ወዳጆች መካከል የአንድ ሌንስ ዋጋ እንዴት ተቆረጠ

በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ሁለት የቅርብ ጓደኞቼ በአንድ ያገለገለ የካሜራ ሌንስ የተነሣ ለሦስት ሳምንት ያህል ሳይነጋገሩ ቆዩ። አልተሰዳደቡም፣ አልተካሰሱም፣ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። ጠብ ነበር ለማለት የሚያበቃ አንድም ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ነገሩን የጠረጠርሁት አራት ኪሎ ዘወትር በምንገናኝበት ቡና ቤት በተለያየ ሰዓት መምጣት ሲጀምሩ ነው። አንዱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ መጥቶ ይሄዳል፤ ሌላው 4 ሰዓት ላይ ብቅ ይላል። 20 ዓመት ሙሉ አንድ ጋዜጣ ለሁለት ከፍለው ሲያነቡ የኖሩ ሰዎች ናቸው።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። መሥሪያ ቤቴ ቸርችል ጎዳና ላይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ስቆጥር እውላለሁ። ምናልባት በዚህ ምክንያት ይሆናል ሁለቱም በየተራ ወደ እኔ የመጡት። ጉዳዩን የምጽፈው ፈቅደውልኝ ነው፤ ስማቸውን ግን ትቼ አንዱን ፎቶ አንሺው፣ ሌላውን አስጎብኚው እላቸዋለሁ።

ሰዎቹና ዕቃው

ፎቶ አንሺው ፒያሳ ተወልዶ ያደገ፣ በሠርግና በምርቃት ፎቶ የሚተዳደር ሰው ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ የእሱም ስቱዲዮ አብሮ ፈረሰ፤ መብራቱንና መጋረጃውን ጭኖ ወደ መኖሪያ ቤቱ ገባ። አስጎብኚው ወፍ ለማየት የሚመጡ እንግዶችን ወደ ገፈርሳ፣ ወደ ደብረ ዘይት ሐይቆች፣ ወደ አንኮበርና ወደ አብያታ ይዞ ይዞራል። ገቢው እንደ ወቅቱ ነው። በክረምት ኪሱ ይደርቃል፣ መስቀል ሲቃረብ መለምለም ይጀምራል።

በመካከላቸው ሌላም ነገር አለ። የፎቶ አንሺው አባት ሲያርፉ ድንኳን ያስተከለውና ሦስት ሌሊት ያላሸለበው አስጎብኚው ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጥቶ ቱሪስት ሲጠፋ ደግሞ የአስጎብኚውን የቤት ኪራይ ለስድስት ወር የከፈለው ፎቶ አንሺው ነበር። ይህን ማንም በቁጥር አያነሣውም። ዋጋ ሲጠራ ግን ሁለቱም በልባቸው ይደምሩታል፣ ይቀንሱታል።

ዕቃው ኒኮን የሠራው፣ ከ200 እስከ 500 ሚሊ ሜትር የሚሳብ ረጅም ሌንስ ነው። ኩባንያው ለገበያ ያቀረበው በ2015 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲሆን መነሻ ዋጋው 1,400 ዶላር ገደማ ነበር። እግሩን ጨምሮ 2.3 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ አንገት ላይ አንጠልጥሎ ለሽርሽር የሚወጡበት ዓይነት አይደለም። ገፈርሳ ግድብ ዳር ቆመው ከውኃው ማዶ ሣር የሚነጨውን፣ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይገኘውን ክንፈ ሰማያዊ ዝይ ሲያዩበት ግን የላባው ድርድር እስኪቆጠር ድረስ ያቀርበዋል።

አባቴ የድሮ ሰው ምንሽር ሲገዛ የሚያደርገውን ይነግረኝ ነበር። ገዢው መጀመሪያ ስለ ዋጋ አይናገርም። መቀርቀሪያውን ከፍቶ በአፈሙዙ በኩል ወደ ሰማይ አሻቅቦ ያያል። ውስጡ እንደ መስተዋት ካበራ ዋጋው ይወጣል፤ ዝገት በልቶት ከሆነ ሻጩ ሳይጠየቅ ይወርዳል። ሰደፉ ቢያብረቀርቅ፣ ማንገቻው አዲስ ቢሆን ማንም ግድ አልነበረውም። ዛሬ የጦር መሣሪያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 በፈቃድና በቁጥጥር ሥር ስለሆነ ለቡና ቤት ጠረጴዛ የሚቀርብ ጉዳይ አይደለም። ቢሆንም ሌንሱ የመጣ ዕለት ትዝ ያለኝ ይኸው የአባቴ ወሬ ነበር። ጓደኞቼ ውስጡን ሳያዩ ነበርና ዋጋ የተነጋገሩት፤ ለነገሩ ዋጋም አልተነጋገሩም።

አንድ «አሜን»

የሆነው እንዲህ ነው። አስጎብኚው ሌንሱን ለዓመታት እየተዋሰ ሲጠቀምበት ቆይቷል። በሐምሌ መጨረሻ አንድ ቀን ሊመልስ ሲሄድ ፎቶ አንሺው፣ «እኔ ከእንግዲህ ወፍ አላነሣም፤ ውሰደው፣ ያንተ ይሁን» አለው።

«ስንት ልስጥህ?»

«ያልከውን ስጠኝ።»

አስጎብኚው ይህን ሰምቶ እየተደሰተ ወደ ቤቱ ሄደ። ፎቶ አንሺው ሌንሱን በ2011 ዓ.ም. ከአሜሪካ በሚመለስ ዘመዱ በኩል በ45,000 ብር እንዳስመጣው ያውቃል። ስድስት ዓመት አገልግሏልና ከዚያ ላይ 10,000 ብር አነሣ። «ለወንድሜ ነው» ብሎ ከዚያ በላይ አልቀነሰም። ማታውኑ 35,000 ብር በቴሌብር ላከና «ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ጻፈለት።

የመጣለት መልስ አንድ ቃል ነበር፤ «አሜን።»

ከዚያ በኋላ ዝምታ ሆነ።

እኔ ዘንድ መጀመሪያ የመጣው ፎቶ አንሺው ነው። ቡናውን ሳይቀምስ ስልኩን አውጥቶ የቴሌብሩን መልእክት አሳየኝ። «ተመልከት፤ 250 ዶላር ነው የላከልኝ» አለኝ። በበነጋው አስጎብኚው መጣና፣ «ምን እንዳስቀየምሁት አላውቅም፤ ከገዛበት ዋጋ ሦስት አራተኛውን ሰጥቼዋለሁ» አለኝ። ከሦስት አራተኛም ይበልጣል፤ አስልቼዋለሁ፣ ወደ 78 በመቶ ነው።

ሁለቱም አልዋሹም። የዚህ ጉዳይ ዋናው ችግርም እዚህ ላይ ነው።

አንድ ዕቃ፣ ሁለት መለኪያ

በ2011 ዓ.ም. በባንክ አንድ ዶላር 28 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቀው ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ከ100 አለፈ። እኛ ለዚህ ሌንስ በተቀመጥንበት ነሐሴ 140 ብር አካባቢ ደርሶ ነበር። ስለዚህ በብር ለሚቆጥር ሰው 35,000 ከ45,000 እምብዛም አይርቅም። በዶላር ለሚቆጥር ግን 1,400 ያወጣ ዕቃ በ250 ሄደ ማለት ነው። ፎቶ አንሺው የከፈለው 45,000 ብር ሙሉ በሙሉ ቢመለስለት እንኳ በዚያ ነሐሴ 321 ዶላር ብቻ ነበር፤ ከሌንሱ ሩቡን አይገዛም ነበር።

ብሩ በወረደ ቁጥር «በስንት ገዛኸው?» የሚለው ጥያቄ ትርጉሙን እያጣ ይሄዳል። አሁንም ግን የመጀመሪያው ጥያቄያችን እሱ ነው። ስለ መኪናም፣ ስለ ማቀዝቀዣም፣ ስለ ልብስ ስፌት መኪናም ቀድመን እሱኑ እንጠይቃለን። ሻጭና ገዢ ባዕድ ከሆኑ ጥያቄው ብዙ አይጎዳም፤ ሻጩ ይዋሻል፣ ገዢው አያምነውም፣ ሁለቱም በገበያው ይዳኛሉ። በወዳጆች መካከል ግን የተገዛበት ዋጋ እውነተኛና የታወቀ ስለሆነ እንደ መሐላ ይያዛል።

በፎቶ አንሺው በኩልም ስሕተት አልጠፋም። ዶላሩን ሲቆጥር የሌንሱን ዕድሜ ረስቶታል። እሱ ከገዛ ወዲህ የካሜራው ዓለም ተለውጧል። ኒኮን በ2018 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መስተዋት አልባ የሚባሉትን፣ ውስጣቸው እንደ ድሮዎቹ ምስል አንጸባራቂ መስተዋት የሌላቸውን ካሜራዎች በአዲስ የሌንስ ማያያዣ ይዞ ወጣ፤ በ2023 ደግሞ ለእነሱ የሚሆን ከ180 እስከ 600 ሚሊ ሜትር የሚሳብ ሌንስ አቀረበ። አዲሱን ካሜራ የያዘ ሰው የድሮውን ሌንስ ለመግጠም አገናኝ ቀለበት ያስፈልገዋል። ስለዚህ የእሱ ዓይነት ሌንስ በውጭ አገር ያገለገሉ ዕቃዎች ገበያ ዋጋው ወርዶ በዚያን ጊዜ ከ600 እስከ 750 ዶላር ባለው ውስጥ ይሸጥ ነበር። ብሩ ወርዷል፤ ዕቃውም ወርዷል። እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ውድቀት ብቻ ነበር የሚያዩት።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ነገሩ የገባኝ ስለመሰለኝ ቸኮልሁ። ፎቶ አንሺውን «በልብህ ስንት አስበህ ነበር?» ብዬ ብጠይቀው «ቢያንስ 100,000» አለኝ። እኔም እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ሁለቱን ቁጥሮች ደምሬ ለሁለት አካፈልሁና 67,500 ብር የሚል ዋጋ ለሁለቱም በስልክ አቀረብሁ። ፎቶ አንሺው «ግማሽ ዋጋ ሽጥ ትለኛለህ» አለ። አስጎብኚው «እጥፍ ክፈል ትለኛለህ» አለ። ሁለቱም በዚያ ሳምንት እኔንም መሸሽ ጀመሩ። አንባቢ ይህን ቁጥር ያስታውሰው፤ ኋላ እመለስበታለሁ። ለጊዜው ጉድለቱ አባት የሌለው ቁጥር መሆኑ ነበር። ከየት መጣ ቢባል «ከሁለታችሁ ቅሬታ መሐል» ከማለት በቀር መልስ የለኝም።

ይሉኝታ እንዴት ዋጋ እንደሚያስከፍል

«ያልከውን ስጠኝ» የሚለውን አነጋገር ደግነት አድርገን ነው ያደግነው። ይህን ጉዳይ ካየሁ በኋላ ግን አመለካከቴን ቀይሬያለሁ። አነጋገሩ ዋጋ የመጥራትን ሸክም ከራስ አውርዶ በሌላው ጫንቃ ላይ ያኖራል። ገዢው ዝቅ ካደረገ ስስታም ይባላል፤ ከፍ ካደረገ የማይችለውን ይከፍላል። ሻጩ ደግሞ በልቡ የያዘው ቁጥር ሳይኖር አይቀርም። ፎቶ አንሺው 100,000 ብር በልቡ ይዞ ነው «ያልከውን» ያለው፤ ተፈታኙ የማያውቀው ፈተና ማለት ነው። ይህን ፊት ለፊት ስነግረው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና፣ «ታዲያ ለሱ እንዴት አድርጌ ዋጋ ልጥራበት?» አለኝ። እውነቱን ነው። ይሉኝታ እንዲህ ነው የሚይዘው።

አስጎብኚው በበኩሉ ለመጠየቅ አፈረ። አንዲት ጥያቄ፣ «ዛሬ ሌላ ሰው ቢገዛህ ስንት ይሰጥሃል?» የምትለው ብቻ ብትጠየቅ ኖሮ ሦስት ሳምንት አይባክንም ነበር። አባቶች እንደ ወንድም በልታችሁ እንደ ባዕድ ተሳሰቡ የሚሉት መብላቱ ሳይቀር ነው። እኛ መብላቱን ወርሰን መተሳሰቡን ነውር አደረግነው።

ጋሼ ዘንድ

መፍትሔው ሦስተኛ ሰው ነበር፤ ያውም እኔ ያልሆንሁ። ይህ በሕግም እንግዳ ነገር አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭና ገዢ የዋጋውን ግምት ለሦስተኛ ሰው እንዲተዉ ይፈቅዳል። ፒያሳ ፊልም በሚታጠብበት ዘመን ካሜራ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ አዛውንት አሉ፤ ሦስታችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሱቃቸው ፈርሶባቸው አሁን የሚሠሩት ከአንድ የመነጽር መሸጫ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ለሁለቱም አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋቸው፤ እሳቸው የሚሉት ዋጋ የመጨረሻ ይሁን። አስጎብኚው ወዲያው እሺ አለ። ፎቶ አንሺው አንድ ቀን አስቦበት እሺ አለ።

ከመሄዳችን በፊት ሁለት ቀን ስለ ገበያው አጠናሁ። ፎቶ አንሺው 100,000 የሚለው ቁጥር ላይ የደረሰው ተመሳሳይ ሌንስ በቴሌግራም ገበያ 130,000 ብር ተጽፎበት አይቶ ነበር። ማስታወቂያውን ፈልጌ ሳገኘው ከተለጠፈ አራት ወር አልፎታል። ለአራት ወር ያልተሸጠበት ዋጋ የሻጩ ምኞት ነው። ገዢ መስዬ ደወልሁ፤ በአንድ የስልክ ንግግር ውስጥ 95,000 ደረሰልኝ፣ «መጥተህ ካየኸው እንነጋገራለን» የሚል ተስፋም ተጨመረበት። ቀጥዬ የሌንሱን ፎቶ ይዤ ያገለገለ ካሜራ በጥሬ ገንዘብ ወደሚገዛ አንድ ሱቅ ሄድሁ። ባለቤቱ ሳያየው እንኳ 55,000 አለኝ። ወሰኑ በዚህ ታወቀ። ለነጋዴ ቢሸጥ 55,000፣ ከሌላ ሰው ቢገዛ 95,000 ይሆናል። በመሐል ያለው 40,000 ብር የነጋዴው ድካምና ትርፍ፣ የደላላው ኮሚሽንና የማይታወቅ ሰው የሚያስከትለው ሥጋት ነው። ወዳጆች በቀጥታ ሲገበያዩ ይህ ገንዘብ ለማንም አይከፈልም፤ ሊካፈሉት ይችላሉ። «የወንድም ዋጋ» የሚባለው ነገር ትርጉም ካለው እዚህ ላይ ነው ያለው፤ አንዱ ከስሮ ሌላው በሚያተርፍበት አይደለም።

ከውጭ ቢመጣስ ብዬም አስልቻለሁ። 650 ዶላር በ140 ሲባዛ 91,000 ብር ነው፤ ይዞ የሚመጣ ሰው ማግኘቱና ውለታው ሳይቆጠር። ከ95,000ው ጋር ስለተቀራረበ በቁጥሬ ተማመንሁበት።

ቅዳሜ ዕለት ጠዋት አራታችን በዚያች ክፍል ውስጥ ተጨናንቀን ተቀመጥን። ጋሼ መጋረጃውን ዘጉ። የሌንሱን የፊትና የኋላ ክዳን አውልቀው በአንድ በኩል የእጅ ባትሪ አበሩበትና በሌላው በኩል አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ እያሉ አዞሩት። የምንሽሩ ወሬ በዓይኔ ዞረ። ብዙ ቆዩ።

«ኑ እዩ» አሉ።

ተራ በተራ አየን። በመካከለኛው መስተዋት ጠርዝ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ፣ እንደ ዛፍ ሥር የተበታተነ ነጭ ነገር አለ። ፈንገስ ነው። ጋሼ የፎቶ አንሺውን ፊት አይተው፣ «ልጄ፣ በምንድን ነው ያስቀመጥኸው?» አሉት። በቆዳ ቦርሳ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ሁለት ክረምት። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቆዳ እርጥበት ይዞ ይቆያል፤ ጨለማና እርጥበት ካገኘ ፈንገስ መስተዋቱን ራሱን መብላት ይችላል። ደግነቱ ገና ጠርዝ ላይ ነው፤ መስተዋቱ የተቀባውን ስስ ሽፋን አልነካውም፤ ከጸዳ ፎቶ ላይ አይታይም። ማጽጃው 6,000 ብር እንደሆነ ነገሩን።

የሚሳበውን ቀለበት አዞሩት፤ ጠንከር ብሏል ግን አይነክስም። ካሜራ ላይ ገጥመው መንቀጥቀጥ መቆጣጠሪያውን በጆሯቸው አዳመጡ። ከዚያ ወደ ደጅ ወጣንና በጣሪያው ላይ የሚዞር ጭልፊት ላይ አነጣጠሩት። ፎከሱ ሁለት ጊዜ ሳተ፣ በሦስተኛው ያዘ። «ደህና ነው» አሉ። ትራይፖድ በሚባለው ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ የሚያርፈው የሌንሱ እግር አንድ ብሎን ጎድሎታል፤ ከመሳቢያቸው ፈልገው በነፃ ገጠሙለት።

የፀሐይ ከለላውን ሲያነሡት ግን ቆም አሉ። ጠርዙ በቀጭኑ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ በማጣበቂያ ተይዟል። «ይህ ወድቋል» አሉ።

ፎቶ አንሺው ጎንበስ ብሎ አየው። አይቶት አያውቅም።

«አብያታ ላይ እኔ ነኝ የጣልሁት» አለ አስጎብኚው። «ያኔ ልነግርህ ፈልጌ ነበር። አጣብቄ መለስሁልህ።»

በዚያች ክፍል ውስጥ የተሰማው የጋሼ የግድግዳ ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ ፎቶ አንሺው ሳቀ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቁ ነበር። «እኔም ፈንገሱን አላውቅም ነበር» አለ።

ጋሼ የእኔን ጥናት መስማት አልፈለጉም። ብጣሽ ወረቀት ላይ ቁጥር ጽፈው አጥፈው ሰጡኝ፤ 72,000 ብር፣ ከጸዳ በኋላ። እኔ በ55,000 እና በ95,000 መካከል ያገኘሁት 75,000 ነበር። አንድም ቁጥር ሳይሰሙ በ3,000 ብር ብቻ ተለያየን። ማጽጃውን ዕቃውን ያሻገተው ይክፈል አሉ። ስለ ከለላውም፣ «የሰነጠቀው ራሱ ገዢው ነው፤ ከዋጋው አይቀነስም» ብለው ዘጉት።

አሁን ያንን 67,500 አስታውሱት። በጋሼ ዳኝነት ፎቶ አንሺው ማጽጃውን ከፍሎ የሚቀረው 66,000 ብር ነው፤ ግማሽ ዋጋ ነው ብሎ ከናቀው በ1,500 ብር ያነሰ። አስጎብኚው የሚከፍለው 72,000 ነው፤ እጥፍ ነው ብሎ ከሸሸው በ4,500 የበለጠ። ሁለቱም ያለ አንዳች ማጉረምረም ተቀበሉት።

የረሳነው ሰው

እጅ ልንነሣ ስንል ጋሼ ፎቶ አንሺውን፣ «ባለቤትህ ታውቃለች?» አሉት። አታውቅም። ሌንሱ የተገዛው በትዳር ውስጥ፣ ከቤት ገንዘብ ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የ1992ቱ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ሲሸጥ የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። 500 ብር ሲደነገግ ቁም ነገር የሚያህል ገንዘብ ነበር። በዛሬው ዋጋ ሕጉ ቃል በቃል ከተያዘ ጫማ የሚሸጥ ባል ሚስቱን ማስፈረም ሊኖርበት ነው። እንደዚያም ሆኖ ሕጉ እዚህ ቤት ውስጥ ትክክል ነበር።

እሑድ ቤታቸው ሄድን፤ ቡና ተፈላ። ነገሩን ሁሉ ካዳመጠች በኋላ የመጀመሪያ ንግግሯ፣ «ሁለት ዓመት ቁም ሣጥኔን ይዞ የተቀመጠ ዕቃ በ72,000 ከተሸጠ ምርቃት ነው» የሚል ነበር። ሁለተኛው ጥያቄዋ ግን ከሦስታችን አእምሮ ያመለጠ ነው። ቀሪው 37,000 ብር መቼ ነው የሚከፈለው? አስጎብኚው እንደ ገቢው፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ በአንድ ጊዜ ለመክፈል አስቦ ነበር። «ብሩ እስከዚያ ምን ሆኖ ይጠብቀናል?» አለችው እየሳቀች። በዶላር እንሰር የሚል ሐሳብ አላመጣችም፤ አብዛኛው በቶሎ ይግባ ነው ያለችው። 22,000 በጥቅምት መጨረሻ፣ 15,000 በጥር ሆነ። ጀበናው ከመነሣቱ በፊት የረጋ ስምምነት ነበር። ከመጀመሪያው እሷን ብንጠይቅ ኖሮ እኔ ቴሌግራም ላይ የማልገዛውን ሌንስ ስከራከር አልውልም ነበር።

ወረቀቱን እኔ ጻፍሁት፤ ግማሽ ገጽ ነው። የሌንሱ መለያ ቁጥር፣ ጋሼ ያገኙት ፈንገስና የተሰነጠቀው ከለላ፣ ዋጋው፣ የተከፈለው 35,000፣ የቀሪው መክፈያ ጊዜ፣ እስከ መስቀል ድረስ ሌላ የተሰወረ ጉድለት ቢገኝ ዕቃውም ገንዘቡም የሚመለስ መሆኑ ሰፍሮበታል። ፎቶ አንሺው «በእኛ መካከል ወረቀት?» ብሎ ትንሽ ቅር አለው፤ ሚስቱ እስክሪብቶውን አቀበለችው። ባልና ሚስቱ፣ ገዢውና እኔ በእማኝነት ፈረምን።

አንድ ሐረግ ላይ ተከራከርን። ፎቶ አንሺው ከዋጋው ላይ 7,000 ብር «ለድንኳኑ» ልቀንስ አለ፤ የአባቱን ለቅሶ ማለቱ ነው። አስጎብኚው ፊቱ ተለዋወጠ። እኔም አይሆንም አልሁ። ያ ድንኳን 7,000 ብር ከተባለ የስድስት ወሩ ኪራይስ ስንት ሊባል ነው? ሁለቱም አፈሩና ነገሩ ተተወ። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው 72,000 ብቻ ነው።

የጥቅምቱ ክፍያ ሁለት ቀን ቀድሞ ገባ፤ የጥሩ በቀኑ። በኅዳር አንድ ዓርብ ማታ ሦስታችን ተቀምጠን ሳለ ፎቶ አንሺው ስኒውን እያዞረ፣ ነገ ገፈርሳ መሄድ እንደሚፈልግና ሌንሱን ለአንድ ቀን ይዋሰው እንደሆነ ጠየቀ። አስጎብኚው ከወንበሩ ሥር አንድ የጨርቅ ቦርሳ አውጥቶ አቀበለው። ፎቶ አንሺው ከፍቶ አየው፤ አዲስ የፀሐይ ከለላ ተገጥሞለታል፣ ከጎኑም በትንሽ ከረጢት እርጥበት መምጠጫ ተቀምጧል።

«ቆዳ ቦርሳህ ውስጥ እንዳትከተው» አለው።

«ብጥለውስ?»

«አጣብቀህ መልስልኝ።»